ከዋርካው ሥር የተተወው ካቾሪ

በናሬስ
የሙታን መታሰቢያው አሥራ አምስት ቀን በገባ በሁለተኛው

ለተከበሩ እትዬ ሱባድራ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆቹ፣ ያቺ ተራጋጭ ላምዎም ሳትቀር ደህና ናቸው? እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። ባቡሩ ብቻ ወገቤን ለሁለት ከፍሎታል።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ከኢንዶር ስንነሳ እጽፋለሁ፣ ባቡር ላይ እጽፋለሁ ስል፣ በናሬስ ገብቼም ሁለት ቀን ቆይቼ ነው ብዕር ያነሳሁት። ምክንያቱን ብነግርዎ ይቆጡኛል። ብደብቅዎም ባለቤቴ፣ ወንድምዎ፣ መናገሩ አይቀርም። ስበላ ነበር እትዬ።

እሱማ ከቤት ከወጣን ጀምሮ ሱባዔ ላይ ነው። በቀን አንዴ፣ ራሱ የቀቀለውን ሩዝ፣ ያለ ሽንኩርት ያለ ቅመም። የእናቱን ነፍስ ሊሸኝ የሚሄድ ልጅ የመንገድ ምግብ በአፉ እንደማይዞር ያውቃሉ። እኔ ግን ካህኑን ጠይቄ «ሥርዓቱ እስኪጀመር አንቺ እንደፈለግሽ» ብሎኛል። እንደፈለግሽ ማለቱ የሱ ጥፋት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እኛ ስንጠብስ ሰው ሲበላ ኖርን እንጂ፣ እኔ በሰው ጋሪ ፊት ቆሜ የቅጠል ሳህን ይዤ አላውቅም።

መጀመሪያ የደነገጥኩት በቲማቲም ነው። ሰውየው ቲማቲሙን በሰፊ ብረት ላይ ከድንች ጋር ያደቀዋል፣ ቅቤ ያፈስበታል፣ ዝንጅብሉን ቃሪያውን ይነሰንስበታል። ከዚያ፣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው፣ የስኳር ውሃ ጨመረበት። ይሄ ሰውዬ አሞታል እንዴ ብዬ አንድ ማንኪያ አፌ ውስጥ አደረግሁና ደርቄ ቀረሁ። ጣፋጩ ቀድሞ መጣ፣ ኋላ ኮምጣጣው፣ ቃሪያው መጨረሻ ላይ በጆሮዬ ወጣ። ሰውየው እንባዬን አይቶ ምነው እናቴ፣ በዛ እንዴ ቢለኝ፣ የለም፣ ያለዚህ ያለፈውን ሃያ ስድስት ዓመቴን ነው የማለቅሰው አልኩት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

ጎልጋፓውን አልቆጠርኩትም፤ የቆጠረችልኝ ከጎኔ የቆመች አንዲት ሴት ናት። ያንን እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ የሆነ ኳስ ሻጩ በአውራ ጣቱ ይበሳውና፣ የሁመርና የናና ውሃ ሞልቶ እጅዎ ላይ ያኖረዋል። አፍ ውስጥ ሳይፈነዳ መናገር የለም። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ሴትዮዋ «እህቴ፣ ወንዙንም አብረሽ ልትጠጪው ነው?» አለችኝ። አፌ እንደሞላ ለአሥራ ሁለተኛው እጄን ዘረጋሁ። በሸክላ ኩባያ የቀረበልኝን እርጎ ከነስልባቦቱ ጠጥቼማ፣ ኩባያውን እንደ አገሩ ልማድ መሬት ላይ መስበር አሳዝኖኝ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እንዳይስቁብኝ።

ካቾሪያቸውን፣ ያንኑ እኛ ጋሪ ላይ የምንጠብሰውን ልቡ የተሞላ ሊጥ፣ ቀመስኩ። የእኛ ክብ ነው፣ ልቡ ክክ ሆኖ ደረቅ ይላል። የእነሱ ግን እንደ እጅ መዳፍ ጠፍጣፋ ነው፤ ከድንች ወጥ ጋር ይበላል። ዘይቱ ንጹህ፣ ቅርፊቱ በጥርስ ሲነካ የሚንኮታኮት። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። ለወንድምዎ ማሽተት ሱባዔ አያፈርስም ብዬ ወደ አፍንጫው ባስጠጋለት ፊቱን አዞረ። አጠገባችን ጥርስ የሌላት አንዲት አሮጊት ካቾሪዋን በወጡ እያራሰች ትበላ ነበር። እሷን ሲያይ ቆየ። 

ከነገ ወዲያ ሥርዓቱ የሚፈጸምበት ጋያ እንገባለን። ስለ ዛፉ ያሉኝን አልረሳሁም። ሥርዓቱ ሲያልቅ ከማይሞተው ዋርካ ሥር ተቀምጦ፣ የሚወዱትን አንድ ምግብ በሟች ስም እስከ ዕለተ ሞት መተው ግድ ስለሆነ፣ እርስዎ እንዳሉት ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ ይተው ብዬ ነግሬዋለሁ። ድሮም ዘሩ ጥርሱ ውስጥ እየገባ ያሰቃየዋል። እሺ ብሏል።

ታናሽዎ ቫሳንቲ


ኢንዶር
መታሰቢያው ባለቀ በስድስተኛው ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። በመጀመሪያው ከሰላምታ በኋላ፣ በሁለተኛው ከሰላምታ በፊት የጠየቁኝ ያንኑ አንድ ነገር ነው፤ ወንድምዎ ዛፉ ሥር ምን ተወ? ዝም ያልኩት ንቄዎት አይደለም። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

የእማማ ሥርዓት በሚገባ ተፈጽሟል፣ በዚህ ልብዎ ይረፍ። ወንድምዎ የሩዝ እንክብሉን በገዛ እጁ አንድ በአንድ አቀረበ፤ ካህኑ የዘር ሐረጋችንን ጠርቶ ጨረሰ። ከዚያ ወደ ዋርካው ሄድን። ከእኛ ፊት የነበረው የካንፑር ነጋዴ ሊቺ የሚባለውን ፍሬ ተወ። ሚስቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ቢቀምሰው ሰውነቱ እንደሚያብጥ ነገረችኝ። እኔ መራራውን ቅል ተውኩ። ካህኑ ቀና ብሎ አየኝና፣ ሴቶች ሁሉ ይህን ቅል ይህን ያህል እንደምትወዱት እዚህ ዛፍ ሥር ነው የማውቀው አለ። በኀፍረት መሬት ገባሁ።

የወንድምዎ ተራ ደረሰ። ካህኑ በመዳፉ ውሃ ይዞ ምን ትተዋለህ አለው።

«ካቾሪ» አለ።

እትዬ፣ ክው ብዬ ቀረሁ። ካህኑ ራሱ ደንግጦ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀው። ካቾሪ መጥበስ ነው አለው። «ልጄ፣ ውሃውን ገና አላፈሰስኩም። ሌላ ነገር በል» አለው፤ በምሕረት ነው ያለው፣ ያየሁት ነው። ወንድምዎ ያንኑ ቃል ደገመ። ውሃው ፈሰሰ። አበቃ። እንግዲህ እስኪሞት ድረስ ካቾሪ በአፉ አይገባም፣ ልቡንም ቢሆን፣ ጫፉንም ቢሆን።

እርስዎ በዚያ ጋሪ ያደጉ ስለሆኑ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ከክኩ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ ሳያኖር እሳት ለኩሶ አያውቅም። እማማ እንደዚያ ነው ያስተማሩት። አሁን በዓይኑ እየገመተ ነው። በተመለስን ማግስት ጨው በዛ። በማግስቱ ፈርቶ ጭራሽ ረሳው። አብሹ አንድ ቀን መረረ። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ፣ ከሠርጌ ጀምሮ ደንበኛችን የሆነው፣ «ባንሲ፣ ዛሬ ባሕሩን ነው ጠቅልለህ የጠበስከው?» አለው። ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ነው ቢሮው የሚሄደው።

እኔ ልቅመስልህ አልኩት። ጎድጓዳውን ሳህን ከእጄ ነጠቀኝ። እስከ መብራት በዓል ካልተቃና ጋሪውን እሸጣለሁ፣ እህል ነጋዴው ዘንድ ሚዛን እይዛለሁ ይላል። እናቱ የቆመችበትን ጋሪ።

እኔ እንደሚመስለኝ የበናሬሱን ካቾሪ አይቶ የራሱን ንቆ ነው። ያን ዕለት ባላቆመው ኖሮ፣ ሆዴ ባይቀድመኝ ኖሮ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ሌሊትም ቀንም አንድ ሆኖብኛል። ምን ላድርግ?

ቫሳንቲ


ናግፑር
በዱሴራ በዓል ማግስት

ቫሳንቲ፣

ለሰላምታ አቅም የለኝም፣ ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ሳነብለት «ቀልድ ነው» አለኝ። ሁለተኛ አነበብኩለት። ማሰሮውን ከምድጃ ላይ ማውረድ ረስቼ ምሳችን አረረ። ባንሲ ልጅ ሆኖ አንድ ጊዜ ከእማዬ ጋር ተኳርፎ ዛፍ ላይ ወጥቶ እስከ ማግስቱ አልወረደም። ያው ነው። ጢም አወጣ እንጂ አልወረደም።

አንቺ ደግሞ ስለ በናሬስ የምትይውን ተዪው። የሰው ካቾሪ አይቶ የሚቀና ሰው አይደለም ወንድሜ። የኔን ሠርግ ድግስ ሌላ ጠባሽ ሲሠራ፣ ሄዶ የሊጡን አቦካክ የተማረ ሰው ነው። በልተሻል፣ ደግ አድርገሻል። እኔም ጉልበቴ ቢሸከመኝ ያንን የቲማቲም ነገር ለመቅመስ ብቻ እሄድ ነበር።

ይልቅ ቀጥ ብለሽ ጠይቂው። ለምን? በይው። ያ ጋሪ እኮ አባዬ ከሞተ በኋላ እማዬ ሁለታችንን ያሳደገችበት ነው። እሷ በሞተች በዓመቱ በስሟ ተምሎ ሊዘጋ? በሷ ስም? ምክንያት ከሌለው እብደት ነው፤ ምክንያት ካለው የመስማት መብት አለኝ። አልነግርም ካለ መጥቼ በራፉ ላይ እቀመጣለሁ በይልኝ።

ሱባድራ


ኢንዶር
የመብራት በዓል ሊገባ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው

ለተከበሩ እትዬ፣

ደብዳቤዎም፣ ከዚያ በኋላ የላኩት ፖስታ ካርድም ደረሰ። ካርዱ ላይ በጠባቧ ቦታ የጻፉት ጥያቄ እማማ በመጨረሻዎቹ ቀኖች ምን ይሉ እንደነበር ነው። እንዴት እንደደረሱበት አላውቅም። የመልሱ ግማሽ በዚያው ጠዋት ከወንድምዎ አፍ ወጥቶ ነበር።

ብረት ድስቱን በአመድ ሲፈትግ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እርስዎ እንዳሉት ለምን አልኩት። እሱም ድስቱን መፈተጉን ሳያቆም ነገረኝ። እማማ ሦስት ቀን በተከታታይ ካቾሪ ለምነውት ኖሯል። ጠዋት ወደ ጋሪው ከመሄዱ በፊት እግራቸውን ሊነካ ሲገባ እጁን ይዘው ነው የሚለምኑት። እሱ ደግሞ እርስዎ የጻፉትን፣ «ዘይት የነካው ነገር በጭራሽ እንዳታቀምሷት፣ አንድ ነገር ብትሆን በእናንተ ነው» የሚለውን ያስታውሳቸዋል። በሦስተኛው ቀን «እሺ ልቡን አውጣውና ቅርፊቱን ብቻ ስጠኝ» አሉት። እምቢ አለ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አረፉ።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና እንዲህ አለ፦ «የሩክሚ እናት፣ ለከተማው ሁሉ ጠብሼ እናቴን ከለከልኳት። በናሬስ ያየናት አሮጊት የማላውቀው ሰው እናት ሆና በላች።»

ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከሱ ይልቅ የደነገጥኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ልንገርዎ። ዓመት ከሁለት ወር ለማንም አልተነፈስኩትም፤ ለልጄ ለሩክሚ እንኳ።

እማማ አልተከለከሉም። በዚያችው በሦስተኛዋ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወንድምዎ ጋሪው ላይ ሳለ፣ ዓይናቸውን ማየት ቢያቅተኝ ከጠዋቱ የተረፈ አንድ ካቾሪ ምጣድ ላይ አሙቄ ሰጠኋቸው። በሩን ዘግቼ፣ እንደ ሌባ። በማግስቱ ጎህ ላይ ሞቱ። እኔም ገደልኳቸው አልኩ። ያቺ አንዲት ካቾሪ ናት የገደለቻቸው እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ። ጋያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ያንን የምጠላውን ቅል የተውኩት ለምን ይመስልዎታል? ስለሚወደድ ነገር ማሰብ ከጀመርኩ ምላሴ ይህንን ያወጣዋል ብዬ ፈርቼ ነው።

አሁን እንግዲህ ይፍረዱ። ብነግረው እናቱ ርቧት እንዳልሞተች ያውቃል፤ ልቡ ያርፋል፤ ጋሪውም ምናልባት ይተርፋል። ግን እኔን በምን ዓይን ያየኛል? ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው እናቱን ከገደለች ሴት ጋር እንዴት ቁርስ ይቀርባል? ዝም ካልኩ ደግሞ በዓሉ ይገባል፤ ገዢው መጥቶ የጋሪውን ጎማ ዞሮ አይቶ ሄዷል።

እርስዎ የከለከሉትን ነው ያደረግሁት። ቢረግሙኝ ልክ ነዎት። ብቻ ይጻፉልኝ።

ቫሳንቲ


ናግፑር
የመብራት በዓል ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው

ቫሳንቲ፣

አራት ቀን ከቤት ሰው ጋር አልተነጋገርኩም። ባለቤቴ ሰው ሞቶብኝ መርዶ የደበቅኩት መስሎት ቴሌግራም ሊያስመታ ነበር።

ስሚኝ። ያኔ ልጠይቃት መጥቼ ሐኪሙ ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ አንቺም ባንሲም አልነበራችሁም። ሐኪሙ ያለው ልቧ ደክሟል፣ ወር ይሁን ሳምንት አላውቅም፣ የፈለገችውን በጥቂቱ ስጧት ነው። በጥቂቱ ነው ያለው። «በጭራሽ» የምትለዋን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ። እዚህ ሩቅ ሆኜ ምንም አላደርግላትም ነበር፤ መከልከል ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሱንም አጥብቄ ያዝኩት።

ስለዚህ አልገደልሻትም። ይህንን ደብዳቤ ባንሲ ፊት አንብቢው፣ የራስሽንም ንገሪው። ሳትነግሪው እንዳትመልሺልኝ። ጋሪውን ከሸጠ እህት የለውም በይው።

ለኔ አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ጨረሰችው?

እህትሽ ሱባድራ


ኢንዶር
የመብራት በዓል ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው

ለተወደዱ እትዬ ሱባድራ፣

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። ጠዋት ጋሪው ላይ፣ እሳት ሳይለኮስ፣ ደብዳቤዎን አንብቤ የራሴን ቀጠልኩ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ስጨርስ የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ያን ዕለት አልጠበሰም። በማግስቱም። ሁለት ቀን ሙሉ ያቀረብኩለትን እየበላ፣ እኔን እንደ ግድግዳ አልፎኝ ሲያይ ቆየ፤ እኔም በልቤ ሻንጣዬን ስቋጥርና ስፈታ ነበር።

ትናንት ጠዋት ጫማውን እያሰረ ከየትኛው ዙር ነበር አለኝ። ከጠዋቱ የተረፈ አልኩት። ቀዝቃዛ? አለኝ። ምጣድ ላይ አሙቄዋለሁ አልኩት። «ምጣድ ላይ» አለ። እትዬ፣ ስለ ሞታቸው እንኳ እንደዚህ አልከፋውም። ዘይት ውስጥ መልሶ ብቅ ማድረግ እንጂ ምጣድ ላይ ይሞቃል ወይ፣ ቅርፊቱ እኮ ጫማ ነው የሚሆነው እያለ እስከ ጋሪው ድረስ ወቀሰኝ። እኔ ኋላ ኋላ እየተከተልኩ ስወቀስ በደስታ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

እዚያ ስንደርስ ነው ቆም ብሎ እናቴ ስትቀምሰው ምን አለች ያለኝ። እውነቱን ነገርኩት። «ባንሲ ዛሬ ጨው አብዝቷል» ነው ያሉት። ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሲገልጠው ሳቅም ልቅሶም ነበር። አልበዛም ነበር አለ፤ የዚያን ቀን ጨው እስከ ዛሬ ልኩን ያስታውሳል። ከዚያ የክኩን ሳህን ወደኔ ገፋ አደረገው።

መሐላው መሐላ ነው፣ አያፈርሰውም፤ እኔም አላስፈርሰውም። እንግዲህ ቀማሿ እኔ ነኝ። ዛሬ ድንብላል አንሶታል አልኩት፤ አላነሰም አለኝ። አልቀመስክም፣ በምን አወቅህ አልኩት። አጉረመረመና ጨመረ። ገዢውም መጥቶ ሁለት ካቾሪ በልቶ ተመልሷል። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ገና አልመጣም፤ ይህንን ደብዳቤ ስወስድ ሁለት ጠቅልዬ መስኮቱ ላይ አኖርለታለሁ።

ለጠየቁኝ፦ ጨርሰውታል እትዬ። የቀረበበትን ቅጠል ሳይቀር ልሰውታል። ለወንድምዎ ያልነገርኩት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለርስዎ ግን መደበቅ ደክሞኛል። ሁለተኛ ጠይቀውኝ ነበር። ሁለተኛውን የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።

ቫሳንቲ